ፎቶው ስልክ ላይ ቀጥ ይላል፣ የዘር ሐረግ ፕሮግራሙ ውስጥ ግን ይጋደማል

ሐረግቆጣሪ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ በኮምፒውተር እየሠራሁ ነው። ስሙ፣ የልደት ዘመኑ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ይሄ ሁሉ ገብቶ አልቋል። አሁን ፎቶ ላይ ደርሻለሁ፤ ፎቶው ደግሞ አላሠራ ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሮጌ አልበም ላይ በስልኬ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ስልኩ ላይ ቀጥ ብለው ነው የሚታዩት። ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍታቸውም ደህና ናቸው። ፕሮግራሙ ውስጥ ሳስገባቸው ግን አያቴ በጎኗ ተጋድማ ትመጣለች። ሁሉም ቢሆኑ እኮ አንድ ነገር ነበር። አንዳንዱ ቀጥ፣ አንዳንዱ ጋደም፣ አንዳንዱ ጭራሽ በጭንቅላቱ ቆሞ።

ፕሮግራሙ የራሱ የማዞሪያ ቁልፍ አለው። እሱን ስጫነው እዚያው ውስጥ ይቃናል። ያንኑ ፋይል መልሼ ስልኬ ላይ ስከፍተው ግን አሁን ደግሞ በሌላ ጎኑ ተጋድሟል!

የትኛው ነው የሚዋሸው፣ ስልኩ ወይስ ፕሮግራሙ? አንዴ አስተካክዬ የትም ቢከፈት ቀጥ የሚልበት መንገድስ አለ? ፎቶዎቹ ብዙ ስለሆኑ አንድ በአንድ ማዞር የሚታሰብ አይደለም።


ፒክስልቆጣቢ፦

ሁለቱም አይዋሹም። አንዱ ማስታወሻ ያነባል፣ ሌላው አያነብም። ያ ነው ልዩነቱ።

የካሜራው ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ አብሮህ አይዞርም። ስልክህን ብታቆመውም ብታጋድመውም ሴንሰሩ የሚያነበው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው። ፒክስሎቹም፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ፋይሉ ውስጥ በዚያው ቅደም ተከተል ይጻፋሉ። ስልኩ ታዲያ ከጎኑ አንዲት ማስታወሻ ይጨምራል፦ «ይህ ፎቶ ሲታይ ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ ይዙር»። ካርቶን ላይ «ይህ ወገን ወደ ላይ» ተብሎ እንደሚጻፈው ማለት ነው። ተሸካሚው ካላነበበው ካርቶኑ ተገልብጦ ይቀመጣል።

ማስታወሻው የሚቀመጠው ኤግዚፍ በሚባለው የሜታዳታ (ፋይሉ ውስጥ ስለ ፎቶው የሚጻፍ መረጃ) ክፍል ውስጥ ነው። ኤግዚፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ የወጣ መስፈርት ነው። የተነሳበትን ቀን፣ የካሜራውን ሞዴል፣ አንዳንዴ ቦታውንም የሚይዘው እሱ ነው። እዚያ ያለ እያንዳንዱ ማስታወሻ ታግ ይባላል። የአቅጣጫው ታግ ኦሪየንቴሽን ነው፤ ከ1 እስከ 8 ያለ ቁጥር ነው የሚይዘው። 1 ከሆነ እንዳለ አሳየው ነው። 3 ከሆነ በ180 ዲግሪ ገልብጠው። 6 ከሆነ ወደ ቀኝ 90፣ 8 ከሆነ ወደ ግራ 90። የቀሩት አራቱ በመስታወት እንደሚታይ የተገላበጡ ናቸው፣ ብዙም አያጋጥሙህም። ስልክ ቆሞ የተነሳ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ 6 ይዞ ነው የሚመጣው።

የሚከፍተው ፕሮግራም ታጉን ካነበበ አዙሮ ያሳያል። ካላነበበ ፒክስሉን እንዳገኘው ይደረድረዋል፣ አያትህም ይጋደማሉ።

በፕሮግራምህ ብቻ አትፍረድ። ዊንዶውስ 7 እንኳ ይሄን ታግ አያነብም ነበር፤ ማንበብ የጀመረው ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ነው። ክሮምና ፋየርፎክስ ገጽ ውስጥ የገባን ፎቶ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ በታጉ መሠረት ማዞር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። አንዳንዱ ዋናው መስኮት ላይ ያነበዋል፤ የቤተሰብ መጽሐፍ በፒዲኤፍ አውጣ ስትለው ግን ይረሳዋል። ስለዚህ ስክሪን ላይ ቀጥ ስላለ ብቻ አትመነው።

የማዞሪያ ቁልፉ የሠራብህ ሥራ ይሄ ነው፦ ፒክስሎቹን አዞረ፣ ታጉን ግን እንዳለ ተወው። ለራሱ ልክ ሆነ። ስልክህ የዞረውን ፎቶ ይከፍትና 6 የሚለውን አይቶ ድጋሚ ያዞረዋል። ድርብ ማዞር የሚባለው እሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር አይተህ ንገረኝ። የተጋደመውን ፋይል ዝርዝር መረጃ ክፈትና ስፋትና ቁመቱን ተመልከት። ፎቶው ቋሚ ሆኖ እያየኸው ስፋቱ ከቁመቱ በልጦ ከተጻፈ፣ ጉዳዩ የታግ ነው። አንዳንድ ማሳያ ቁጥሩንም አዙሮ ስለሚጽፍ በሁለት ፕሮግራም አስተያየው።


አሮጌአልበም፦

ልጄ፣ ፒክስልቆጣቢ የነገረህ ትክክል ነው። «አንዳንዱ ቀጥ አንዳንዱ ጋደም» ያልከው ግን ሌላ ምክንያት አለው፤ እሱን ካላወቅህ ነገም ያንኑ ታመጣለህ።

ስልኩ የትኛው ወገን ላይ እንደሆነ የሚያውቀው በመሬት ስበት ነው። ውስጡ ያለው መለኪያ ክብደቱ ወዴት እንደሚስብ ያያል። ስልኩን ፊት ለፊት አቁመህ ስታነሳ ይሄ ግልጽ ነው። አልበም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ከላይ ወደ ታች ስታነሳ ግን ስልኩ ጀርባው ወደ መሬት ሆኖ ተንጋሏል። በዚያን ጊዜ ስበቱ በስክሪኑ በኩል ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ የስልኩ ራስጌ የቱ ግርጌው የቱ እንደሆነ መለየት አይችልም። ስለዚህ መጨረሻ የያዘውን አቅጣጫ ይዞ ይቆያል፤ ወይም እጅህ ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር ይቀያይራል። አንድ ገጽ ላይ ያሉ ፎቶዎች እንኳ የተለያየ ታግ ይዘው የሚወጡት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከማንሳትህ በፊት ስልኩን ቀጥ አድርገህ አቁመው። የካሜራው ስክሪን ላይ ያሉት ምልክቶች ሲዞሩ ታያለህ። ምልክቶቹ በፈለግኸው በኩል ሲቆሙ ቀስ ብለህ ወደ አልበሙ ዝቅ አድርገውና አንሳ። አልበሙን ግድግዳ ላይ ብታስደግፈው ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ የመብራት ነጸብራቅም ይቀንስልሃል።


ሐረግቆጣሪ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልክ ነዎት፣ አንዱ በአንድ አንዱ በሌላ በኩል የሆኑት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ የተነሱት ናቸው። ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የተነሳው የሠርግ ፎቶ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚጋደመው።

ፒክስልቆጣቢ ያልከኝንም አየሁ። ስፋት 4032፣ ቁመት 3024 ይላል፤ ፎቶው ግን ቋሚ ነው። ስለዚህ የታግ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?


ፒክስልቆጣቢ፦

ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው የምታደርገው። ፒክስሎቹን በእውነት ታዞራለህ፣ ታጉን ደግሞ 1 ታደርገዋለህ። ሁለቱም ሲሆኑ የሚያነብ ፕሮግራምም የማያነብ ፕሮግራምም አንድ ዓይነት ነገር ያያሉ። አንዱን ብቻ ካደረግህ እስካሁን ያየኸው ይደገማል።

መሣሪያ ሞልቷል። ዊንዶውስ ላይ ከሆንክ ኢርፋንቪው የሚባለውን የፎቶ ማሳያ ከነተጨማሪ ፕለጊኑ ጫን። በትንንሽ ምስሎች መስኮቱ ብዙ ፋይል መርጠህ በኤግዚፍ ታግ መሠረት ያለ ጥራት ጉዳት አዙር ማለት ትችላለህ፤ ታጉንም ይመልስልሃል። የትእዛዝ መስኮት የማያስፈራህ ከሆነ ጄሄድ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። «አውቶ ሮት» የሚለው ትእዛዙ ፎልደር ሙሉ ፎቶ በአንድ ጊዜ ያቃናል፣ ታጉንም 1 ያደርጋል። ኢሜጅማጂክ የሚባለው ፕሮግራምም «አውቶ ኦሪየንት» አለው፤ እሱ ግን ፎቶውን ፈትቶ እንደ አዲስ ስለሚያሽገው ጄፔግ (የተለመደው የታመቀ የፎቶ ፋይል ዓይነት) ላይ ትንሽ ጥራት ይበላል።

ጥራቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ጄፔግ ፎቶውን የሚያስቀምጠው 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፍሎ ነው። ቀለሙ በተለመደው መንገድ ሲታመቅ ደግሞ የአንዱ ክፍል መጠን 16 በ16 ይሆናል። ያለ ጉዳት የሚያዞር መሣሪያ ካሬዎቹን ሳይፈታ ቦታ ያቀያይራቸዋል፣ እያንዳንዱንም ባለበት ያዞረዋል። ምንም አይጠፋም። ይሄ የሚሆነው ግን ስፋቱና ቁመቱ ለ16 ያለ ቀሪ ሲካፈሉ ነው። የአንተ 4032 በ3024 ይካፈላል፤ ዕድለኛ ነህ። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ ግን 3000 ለ16 ስለማይካፈል ጠርዙ ላይ 8 ፒክስል ትተርፋለች። መሣሪያው ወይ ይቆርጣታል ወይ አላዞርም ይላል። ጠርዙን በእጅህ የከረከምከው ፎቶም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። 8 ፒክስል ብትቆረጥ ዓለም አይጠፋም፤ ቢሆንም አውቀኸው ይሁን።


ጥሬፋይል፦

እኔ አልስማማም። ፒክስል ለምን ይነካል? ታጉ እኮ የመጣው ፒክስሉን ሳንነካ እንድናስተካክል ነው። ኤግዚፍቱል የሚባለውን የታግ ማስተካከያ ፕሮግራም አውርድ፣ ታጉ የተሳሳተባቸውን ፎቶዎች ቁጥራቸውን አስተካክል፣ በቃ። ፋይሉ ውስጥ የምትቀየረው አንዲት ቁጥር ናት። ኤግዚፍቱል ደግሞ ከመቀየሩ በፊት ነባሩን ፋይል ስሙ ላይ «ኦሪጅናል» የሚል ቅጥያ ጨምሮ ያስቀምጥልሃል። ነገ ሐሳብህን ብትቀይር ትመለሳለህ።

ፕሮግራሙ ታጉን ካላነበበ ፕሮግራሙን ቀይር፣ ወይም ሠሪዎቹን ጠይቅ። የአያት ፎቶ ለፕሮግራም ተብሎ አይታረድም።


ፒክስልቆጣቢ፦

ኧረ ማንም አላረደም! ያለ ጉዳት ነው እያልኩ ያለሁት።

ታግ ብቻ ማስተካከል ፋይሉ አንድ ቤት ውስጥ ከቀረ ይሠራል። የቤተሰብ ፎቶ ግን አንድ ቤት አይቀርም። ለአክስት ልጅ ይላካል፣ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፣ ይታተማል፣ በመልእክት መተግበሪያ ይዞራል። መንገድ ላይ ሜታዳታውን የሚያራግፍ አንድ ነገር ካገኘው ታጉ ይጠፋል፤ ፎቶውም ይጋደማል። ፒክስሉ ራሱ ቀጥ ያለ ፎቶ ግን ታግ ኖረውም አልኖረውም ቀጥ ነው።

ስለ «ፕሮግራሙን ቀይር» ደግሞ፣ የአንድ ቤተሰብ ሐረግ ሙሉ በሙሉ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ከገባ በኋላ መቀየር ቀልድ አይደለም።


ጥሬፋይል፦

መልእክት መተግበሪያ ያልከው ትክክል ነው። ግን እሱ ጋ ጥፋቱ የላኪው ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልከው ያሳንሰዋል፣ እንደ ፋይል ስትልከው ግን እንዳለ ያደርሰዋል። ለዘር ሐረግ የሚሆን ነገር እንደ ፋይል ነው መላክ ያለበት።

ዋናውን መንካት ላይ አሁንም ያው ነኝ። ዛሬ ያለ ጉዳት፣ ነገ በሌላ መሣሪያ በጉዳት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቀለም ይስተካከል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዋናው የቱ እንደነበር ይጠፋል።


አሮጌአልበም፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የምታወሩት ስለተለያየ ፋይል ነው።

እኔ ሁለት ፎልደር ነው የምይዘው። አንዱ «ዋና» ነው። ከስልክ ወይም ከስካነር እንደወጣ እዚያ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ታጉም እንዳለ ይቀመጣል፣ የተሳሳተም ቢሆን። ሌላው «መጠቀሚያ» ነው። ኮፒው ይቃናል፣ ይከረከማል፣ ታጉ 1 ይደረጋል። የዘር ሐረግ ፕሮግራሙ የሚያየው ይህንን ሁለተኛውን ብቻ ነው። የፋይሉ ስም በሁለቱም ቦታ አንድ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ማገናኘት አያስቸግርም። ቦታ ይበላል፤ ግን ዛሬ የዲስክ ቦታ የሚያሳስብ ነገር አይደለም።

ጥሬፋይል የፈራው አይደርስም፣ ፒክስልቆጣቢ የፈለገውም ይሆናል።


ማህደረብዙ፦

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሁላችሁም ዘላችሁታል። የፊት ክፈፉስ?

በዘር ሐረግ ፕሮግራም ውስጥ የቡድን ፎቶ አስገብተን እያንዳንዱ ሰው ፊት ላይ ሳጥን እንስላለን፤ ይሄኛው እገሌ ነው፣ ያቺ እገሊት ናት እያልን። ሳጥኑ ፎቶው ውስጥ አይሳልም። ፕሮግራሙ የያዘው ቁጥር ብቻ ነው፦ ከግራ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል። ግራምፕስ የሚባለው የዘር ሐረግ ፕሮግራም ለምሳሌ ቁጥሩን በመቶኛ ነው የሚይዘው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጌድኮም 7፣ የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት መስፈርት፣ ደግሞ የክርከማ ቦታን በፒክስል የሚጽፍበት መንገድ አለው። የቀድሞው 5.5.1 ጭራሽ አልነበረውም። በየትኛውም ቢሆን ቁጥሩ የሚቆጠረው ከላይኛው ግራ ጥግ ነው። ፎቶውን ስታዞር ያ ጥግ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

በቁጥር ላሳይህ። 4032 በ3024 በሆነው ፎቶህ ላይ አንድ ፊት ከግራ 2600፣ ከላይ 400 ፒክስል ላይ አለ እንበል። ፎቶውን ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ ስታዞረው ያው ፊት ከግራ 2624፣ ከላይ 2600 ላይ ይገኛል። ፕሮግራሙ ግን አሁንም 2600 እና 400 ላይ ነው ሳጥኑን የሚያስቀምጠው። የአጎትህ ስም ተጽፎ መጋረጃ ታያለህ። ይባስ ብሎ ሳጥኑ ሌላ ሰው ፊት ላይ ቢያርፍ ደግሞ ማንም ሳያውቀው የአንዱ ስም ለሌላው ይሆናል። በቡድን ፎቶ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ሰዎቹን የሚያውቅ ሰው ባለፈ ቁጥር ማረጋገጫም የለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ አቃና፣ ቀጥሎ ከርክም፣ መጨረሻ ፊት ላይ ሳጥን ሳል። ሳጥን የተሳለበት ፎቶ ካለህ ከማዞርህ በፊት የስክሪን ፎቶ አንሳው፤ ማን የት እንደነበር መመለሻ ይሆንሃል።

ሌላም አለ። ግራምፕስ ለእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር ይይዛል። ፋይሉን ከውጭ ስታዞረው ይዘቱ ስለተቀየረ ያ ቁጥር አይገጥምም። የሚድያ ማረጋገጫ ተጨማሪውን ስታስሮጥ «ይህ ፋይል ተቀይሯል» ቢልህ አትደንግጥ። የቀየርከው አንተ ነህ፤ ቁጥሩን አድሰው።


ሐረግቆጣሪ፦

ማህደረብዙ እህቴ፣ አዳንሽኝ። የሠርጉ ፎቶ ላይ ሳጥን መሳል ልጀምር ነበር።

የጋሼን ሁለት ፎልደር ሠራሁ። «መጠቀሚያ» ውስጥ ያሉትን በሙሉ በኢርፋንቪው በአንድ ጊዜ አቃናሁ። ስልክ ላይም፣ ድረ ገጽ አሳሽ ላይም ቀጥ ብለዋል። ፕሮግራሙ ላይ ግን የሚገርም ነገር አየሁ። ፎቶውን ከፍቼ ሳየው ቀጥ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለችው ትንሿ ምስል ግን አሁንም ተጋድማለች። ይሄስ ምንድን ነው?


ፒክስልቆጣቢ፦

ያቺ የድሮዋ ናት። ፕሮግራሞች ትንንሽ ምስሎችን አንዴ ይሠሩና ያስቀምጣሉ፤ ፋይሉ መቀየሩን ካላወቁ አዲስ አይሠሩም። ብዙዎቹ የሚያውቁት ደግሞ ፋይሉ የተቀየረበትን ቀን አይተው ነው። «የፋይሉን ቀን ጠብቅ» የሚለውን ምርጫ አብርተህ አዙረህ ከሆነ ፕሮግራሙ ምንም የተለወጠ አይመስለውም። የተጠራቀሙትን ትንንሽ ምስሎች አጥፋና ፕሮግራሙን ዝጋና ክፈት፣ እንደ አዲስ ይሠራቸዋል።

ካልሆነ ደግሞ ኤግዚፍ ራሱ ውስጥ ትንሽ ምስል ተቀብራ ትኖራለች። ካሜራው ፎቶውን ሲያነሳ አብሮ ያስቀመጣት ናት። አንዳንድ ማዞሪያ ትልቁን ያዞርና እሷን ይረሳታል። ኤግዚፍቱል እሷን ብቻ ነጥሎ ማጥፋት ይችላል፤ ብትጠፋ አትጎዳም።


ኔጋቲቭሰብሳቢ፦

እዚሁ ላይ ልጨምር፣ አዲስ ክር ከምከፍት። እኔ ጋ ያለው ችግር መጋደም አይደለም። የአያቶቼን ኔጋቲቭ ስካን አድርጌ ሳስገባቸው ቀጥ ብለው ነው የሚታዩት፤ ግን የሆነ ነገር ይከነክነኛል። በስተጀርባ ያለው የሱቅ ሰሌዳ ጽሑፍ አይነበብም።


አሮጌአልበም፦

ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። ኔጋቲቩ በተሳሳተው ፊቱ ስካነሩ ላይ ተኝቷል ማለት ነው። የኔጋቲቭ አንዱ ፊት ያብለጨልጫል፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ነው። ምስሉ ያለው በደብዛዛው ፊት ነው። የሚያብለጨልጨውን ወደ አንተ አድርገህ ስታየው ነው ግራና ቀኙ ልክ የሚሆነው። የፊልሙ ጠርዝ ላይ የታተሙት ቁጥሮችና ፊደሎች ቀጥ ብለው ከተነበቡ ልክ ይዘኸዋል።

ይሄን ግን ማዞር አያስተካክለውም። 90 ብትለውም 180 ብትለውም ጽሑፉ የተገለበጠ እንደሆነ ይቀራል። «በአግድም ገልብጥ» የሚለውን ነው የምትጠቀመው። ታግ ላይ 2 የሚለው ቁጥር ይሄንኑ ይሠራል፤ ግን 2ን በትክክል የሚያሳይ ፕሮግራም ላይ አትተማመን። ፒክስሉን ገልብጠው።

ጽሑፍ ከሌለ የእጅ ሰዓት፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የደረት ኒሻን ፈልግ። ያንን ሰው የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ካለ ደግሞ ፀጉሩ የተከፈለበትን ወገን አስተያይ።


ማህደረብዙ፦

ጋሼ፣ ከኔጋቲቭ ውጭ የሆነውንም ቢጨምሩበት። በጣም የቆዩት ፎቶዎች፣ ብረት ላይ የተነሱት፣ ሲወለዱም የተገላበጡ ናቸው።


አሮጌአልበም፦

እውነትሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ የሆነው ዳጌሮታይፕ እና ከ1850ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ቲንታይፕ ኔጋቲቭ የላቸውም። ብርሃኑ በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ነው ያረፈው። ስለዚህ ምስሉ በመስታወት እንደሚታይ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ያለው ሰው የቅድመ አያቱ ቀለበት በተሳሳተው እጅ ላይ ቢያይ አይገረም።

ልገልብጠው ወይስ ልተወው የሚለው ላይ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። «ዋና» ውስጥ ያለው አይገለበጥም፤ ዕቃው ራሱ እንደዚያ ስለሆነ። «መጠቀሚያ» ውስጥ ያለው ግን ይገለበጥ፤ ልጆቹ ያዩት የነበረው ፊት ያ ነው። ማስታወሻው ላይ «በአግድም ተገልብጧል» ብሎ መጻፍ ግድ ነው። አለበለዚያ ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ትጉህ ሰው ይመጣና መልሶ ይገለብጠዋል።


ጥሬፋይል፦

በሁለቱ ፎልደር ነገር ተሸንፌያለሁ ማለት አልችልም፤ ግን እስማማለሁ። ዋናው እስካልተነካ ድረስ ኮፒውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።

የአይፎን ፎቶ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ብዙዎቹ ሄይክ በሚባል ዓይነት ነው የሚቀመጡት። እዚያ ውስጥ አቅጣጫው የሚጻፈው በኤግዚፍ ብቻ አይደለም። ፋይሉ ራሱ የማዞሪያ መመሪያ አለው፣ መከበር ያለበትም እሱ ነው። አንዳንድ መቀየሪያ ወደ ጄፔግ ሲቀይረው ፎቶውን ያዞርና የቀድሞውን ታግ ሳያጠፋ ያልፋል። ከዚያ ያ ድርብ ማዞር ይመጣል። ከመቀየሪያው ስታወጡ አንዱን ፋይል ታጉን አይታችሁ ነው ሌላውን በጅምላ መቀጠል።


ኔጋቲቭሰብሳቢ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ አረጋገጥኩ፣ ተገልብጦ ነበር። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ስካን የማደርገው በቲፍ የፋይል ዓይነት ነው። ቲፍ ላይም ይሄ ሁሉ ጣጣ አለ?


ፒክስልቆጣቢ፦

ታጉ አለ። ኤግዚፍ እንዲያውም አሠራሩን የወሰደው ከቲፍ ነው። ስካነር ግን ስበት የሚለካ ነገር ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ወይ 1 ይጽፋል ወይ ጭራሽ አይጽፍም። ስለዚህ ቲፍ ከተጋደመ የተጋደመው ፒክስሉ ነው፤ በየትኛውም ፕሮግራም እኩል ይጋደማል። ለማስተካከልም ቀላል ነው። ያልታመቀ ወይም ያለ ጉዳት የታመቀ ቲፍ ስታዞረው ምንም አይጠፋም፤ የ16ቱ ስሌት አይመለከተውም።

የዘር ሐረግ ፕሮግራም ውስጥ ቲፉን አታስገባ፣ ይከብዳል። ቲፉ «ዋና» ውስጥ ይቀመጥ፤ ከእሱ የወጣ፣ የተቃና ጄፔግ «መጠቀሚያ» ውስጥ።


አሮጌአልበም፦

ስካነር ላይ ስትሆን ፎቶዎቹን በሙሉ ራሳቸውን በአንድ ወገን አድርገህ ደርድር፤ ከዚያ በጅምላ ማዞር አንዴ ይበቃል። ጀርባቸውንም ስካን አድርግ፤ ስምና ቀን የሚጻፈው እዚያ ነው። ጀርባውን ግን ከፊቱ ጋር አብረህ በጅምላ አታዙር። ሰው ጀርባ ላይ ሲጽፍ ፎቶውን እንደያዘው ነው፤ ፊቱ ቋሚ ሆኖ ጽሑፉ በአግድም ሊሆን ይችላል። ለፊቱ በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ሀ»፣ ለጀርባው «ለ» ጨምርና እያንዳንዱን ለንባብ በሚመች በኩል አቃናው።